በቁንጫ ፊደል የወጣው ማስታወቂያ

እሜቴ ፊሉራ ቶርንዳይክ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አምስቱን ሴት ልጅ ከቤቷ መውጣት እንደሌለባት ሲጽፉ አሳልፈዋል። የሚጽፉት ግን ቤታቸው ተቀምጠው አይደለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባርኔጣቸውን እንደደፉ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ናቸው፤ ማታም በሩን ቆልፈው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። የቤታቸው ምድጃ እሳት ካየ ሰንብቷል። ድመታቸው እንኳ ነገሩ ሲገባት ጎረቤት ገባች፤ ተመልሳም አልመጣች።

የጋዜጣችን ስም «የምድጃ ዳር» ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣል፤ ከኢስት ሃድዌል አልፎ በማሳቹሴትስ ሰባት ከተሞች ይነበባል። ሴት ልጅ አደባባይ ቆማ መናገሯ ነውር መሆኑንም እሜቴ በባቡር እየዞሩ፣ በሰባቱም ከተማ አደባባይ ቆመው ተናግረዋል። አዳራሹ ሁልጊዜ ጢም ብሎ ይሞላል። ሲናገሩ ደግሞ ያምርባቸዋል፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሳላስበው አጨብጭቤያለሁ።

እኔ ኬዛያ ፔይን እባላለሁ፤ የእሜቴ ፊደል ለቃሚ ነኝ። እሳቸው የጻፉትን አንድ በአንድ ከእርሳስ ፊደሎቹ ሣጥን እያነሣሁ እደረድራለሁ። ፊደሉ የሚደረደረው ተገልብጦ ነው፤ እኔም ተገልብጦ ማንበብ ከመልመዴ የተነሣ ቀጥ ብሎ የተጻፈ ነገር ሲያጋጥመኝ ግር ይለኛል። «ምርጫ ሴትን ያሻክራታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእነዚህ ጣቶቼ ቢያንስ ሁለት መቶ ጊዜ ደርድሬዋለሁ። ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሰው ሁሉ ፊደል ለቃሚ በእጇ ብቻ የምታነብ ይመስለዋል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የማሳቹሴትስ ሸንጎ፣ ሴቶች ለትምህርት ቤት ኮሚቴ ድምፅ መስጠት ይችላሉ የሚል ሕግ አወጣ። ለአገረ ገዥ አይደለም፣ ለዳኛ አይደለም፤ ለትምህርት ቤት ኮሚቴ ብቻ። እሜቴ ግን ያን ቀን ምሳ አልበሉም። «ዛሬ በሩን ገርበብ አደረጉት፤ ነገ ከነመቃኑ ይነቅሉታል» አሉና በፊተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ለምርጫ የተመዘገበች ሴት የዚህን ማተሚያ ቤት ደጃፍ አትረግጥም።» ይህንንም ደረደርኩት።

ሕጉ አንድ ጣጣ ነበረበት። መምረጥ የምትፈልግ ሴት እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ከከተማው ጸሐፊ ዘንድ ቀርባ፣ ከሕገ መንግሥቱ ጥቂት መስመር አንብባ፣ ስሟን በእጇ ጽፋ መመዝገብ አለባት። ጸሐፊው ቀኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በየዓመቱ ይልክልናል፤ በከተማው ሌላ ጋዜጣ ስለሌለ እኛ የማተም ግዴታ አለብን። ያቺ ወረቀት በመጣች ቁጥር የእሜቴ ፊት ይፈካል።

«ኬዛያ!»

«አቤት እሜቴ።»

«ቁንጫውን አውጪው።»

ቁንጫ የምንለው ካሉን ፊደሎች ሁሉ ትንሹን ነው። የሚለቅመው ሰው ትንፋሹን መዋጥ አለበት፤ ካስነጠሰ ፊደሉ የለም። ማስታወቂያውን በቁንጫ ደርድሬ፣ በአራተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከጉበት ክኒኑ ማስታወቂያ በታች፣ ጠፋች ከተባለች አንዲት ላም በላይ ሸጎጥኩት።

«እሜቴ፣ ይህን ማን ያነበዋል?» አልኳቸው ባለፈው ዓመት።

«ሕጉ አትሙ አለ እንጂ ይነበብ አላለም» አሉና ሳቁ። እውነትም ላሟ በሳምንቷ ተገኘች፤ ስለ ምዝገባው ግን የጠየቀ አልነበረም።

ነገር የመጣው በበረዶው ወራት መሐል ነው። የትምህርት ቤት ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ኤሊፋሌት ስቶደር በድንጋይ ካባው ኮረብታ ላይ ያለችውን ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ለመዝጋት ተነሡ። ምድጃዋ ብዙ እንጨት ይበላል፣ ልጆቹም ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ይውረዱ ነው የሚሉት። ከኮረብታው እስከ ከተማው አራት ማይል ነው። አርባ ሦስት የድንጋይ ፈላጭ ልጆች በዚያ በረዶ አራት ማይል አይወርዱም፤ ካባው ውስጥ ገብተው ከአባቶቻቸው ጋር ድንጋይ ያነሣሉ። ይህን አቶ ስቶደርም ያውቃሉ።

እሜቴ ወሬውን የሰሙ ቀን ብዕራቸውን ሰበሩ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው መምህርነት የጀመሩት እዚያች ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እኔም የድንጋይ ፈላጭ ልጅ ነኝ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬም በየዓርቡ ከማተሚያ ቤቱ የተረፈ የወረቀት ቁራጭ ተሸክመው ኮረብታውን ይወጣሉ፤ ልጆቹ ሲያነቡ ተቀምጠው ይሰማሉ። ስለዚህ ነገር በጋዜጣቸው አንድም ቀን ጽፈው አያውቁም።

«አይዞሽ» አሉኝ፣ የሚያስፈልጋቸው ማጽናኛ የእኔ ይመስል። «ሴት ነገሯን በድምፅ አታስፈጽምም። በለሰለሰ ቃልና በሞላ ሳህን ነው የምታስፈጽመው። ስቶደር ፓይ ይወዳል።»

እሜቴ ቤት እሳት ስለማይነድ ፓዩን የጋገረችው የሆቴሉ ወጥ ቤት ናት። በሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ፣ ዘቢብና ፖም የተሞላ፣ ሽታው መንገድ የሚያሻግር ፓይ ነበር። እሜቴ ወስደው ሰጡ፣ በለሰለሰ ቃል ለመኑ፣ እየሳቁ ተመለሱ።

«‹ይህን የበላ ሰው ትምህርት ቤት ይዘጋል እንዴ!› አለኝ» አሉ። በዚያው ሐሙስ አንድ ሳህን ፓይ ከሺህ የድምፅ ወረቀት እንደሚበልጥ ጻፉ። ደረደርኩት። በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ትምህርት ቤቷ ከኤፕሪል ጀምሮ እንድትዘጋ ወሰነ። አቶ ስቶደር «ገና እናየዋለን» ሲሉ ሁለተኛ ፓይ ሄደላቸው፤ «በጎ ነው፣ በጎ ነው» ሲሉ ሦስተኛ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ አቶ ስቶደር ባዶዎቹን ሳህኖች ደራርበው ራሳቸው ማተሚያ ቤቱ ድረስ አመጡ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር።

«እሜቴ ፊሉራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ነበር።»

«ታዲያ ትምህርት ቤቷስ?»

«ኧረ ተዪኝ እሜቴ!» አሉ ባርኔጣቸውን እያሻሹ። «ፓይሽ ግሩም ነው፤ ግን ፓይ ድምፅ አይሰጥም። በማርች ስብሰባ የሚመርጡኝ ወንዶች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ እንጨት ተወደደ ይላሉ። የኮረብታው ሴቶች ቢቆጡ ምን ያደርጉኛል? ይህን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ጋዜጣሽን እኮ ሳላነብ የቀረሁበት ሳምንት የለም።»

ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። እሜቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጸጉራቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ ሸብቷል።

በማግስቱ የኮረብታው ሴቶች መጡ። አሥራ ሰባት ናቸው፤ ሕፃን ያዘለች አለች፣ ቅርጫት የተሸከመች አለች። ፊታውራሪያቸው ኖራ ሙልኬሂ ናት፤ ባሏ ድንጋይ ፈላጭ ነው፣ ከአርባ ሦስቱ ልጆች አምስቱ የእሷ ናቸው።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች ኖራ። «እርስዎ ይህን ነገር እንደማይወዱ እናውቃለን። ግን ሴት ለትምህርት ቤት ነገር መምረጥ ትችላለች ይባላል። ዶክተር ራንሌት ከስቶደር ጋር ሊወዳደሩ ነው፤ ትምህርት ቤቷን አልዘጋም ብለዋል። ወንዶቹ እኩል ለእኩል ናቸው አሉ። እኛ አሥራ ሰባታችን ብንገባበት ያልቃል። የት ነው የምንመዘገበው?»

እሜቴ እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«ምዝገባው ሴፕቴምበር ላይ አልቋል፣ ኖራ» አሉ እሜቴ ቀስ ብለው።

«ሴፕቴምበር? ታዲያ ማን ነገረን? እኔ ጋዜጣዎን ከዳር እስከ ዳር ነው የማነበው!»

«ታትሟል።»

«የት?»

እሜቴ ራሳቸው የዓመቱን ጥራዝ ከመደርደሪያው አወረዱ። ገለጡ፣ ገለጡ፣ አራተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን አቀረቡ፣ አራቁ፣ ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

«ኬዛያ» አሉ በመጨረሻ፣ «አይታየኝም። አንብቢልኝ።»

አነበብኩት። አሥራ ሰባቱም ዙሪያዬን ከበው ሰሙ።

«ላሟንማ አስታውሳታለሁ!» አለች ኖራ። «ቀንዷ የተሰበረው! ከእሷ በላይ ያለው ግን የቆሻሻ መስመር ነበር የመሰለኝ።» ቀጥላም ሳትቆጣ፣ በእውነት ለማወቅ ፈልጋ፣ «ለመሆኑ ይህን ያነበበ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ይባላል። እሜቴ ጉድጓዱን ሲያስምሱ ዶማው የነበረው ግን በእኔ እጅ ነው። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝምታ ሙያዬ ነው። ዕድሜዬ አርባ ስድስት፣ ሌላ ሥራ አላውቅ፣ ለተመዘገበች ሴት ይህ ደጃፍ ዝግ መሆኑንም በገዛ ጣቴ ደርድሬያለሁ።

«አለ» አልኩ። «እኔ።»

«አንብበሽስ?» አሉ እሜቴ።

«አንብቤማ ሄድኩ። ጸሐፊው ሕገ መንግሥቱን ገልብጦ አቀረበልኝ፤ ተሳስቶ ይሁን ሊፈትነኝ አላውቅም። እንደተገለበጠ አነበብኩለት። ያን ጊዜ ሊመዘግበኝ ተቻኮለ። እኔና፣ ሴት ትምረጥ የሚለው ማኅበር አራት ሴቶች ነን፤ በከተማው ከአምስታችን ሌላ የለም።»

ኖራ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በቅርጫቷ ፊቷን ሸፈነች። እሜቴ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። እኔም ሽርጤን አጥፌ፣ ፊደል የምነቅልበትን፣ የእኔ የሆነውን ትንሽ ወስፌ ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ተባረርኩ ማለት ነው ብዬ ዓርብንም ቅዳሜንም ቤቴ ተቀምጬ ዋልኩ።

የምርጫው ስብሰባ ሰኞ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የተከራየሁበት ቤት በር ተንኳኳ። ስከፍት እሜቴ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ቆመዋል።

«እንደምን ዋልሽ፣ ኬዛያ።»

«ይግቡ እሜቴ። ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። ፓይ ይዤልሽ መጥቼ ነው።»

ጨርቁን ገለጡት። ዳር ዳሩ ከስሏል፣ መሐሉ ገና ሊጥ ነው። አውራ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። የሆቴሉ ወጥ ቤት እጅ እንዳልነካው መሐላ አያስፈልግም።

«እርስዎ ነዎት የጋገሩት?»

«ምድጃው አስቸገረኝ» አሉ። «ጢስ መውጫው ውስጥ ወፍ ቤቱን ሠርቶ ኖሯል።»

«እሜቴ፣ ሊያባርሩኝ ነው የመጡት ወይስ ሊያበሉኝ?»

ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «አንቺ መራጭ ነሽ፤ እኔ ድምፅ የሌለኝ ሴት ነኝ። ሴት መራጩን በምን እንደምታሳምነው አሥራ አምስት ዓመት ጽፌያለሁ፤ አንቺም ደርድረሻል።»

«በለሰለሰ ቃልና በሞላ ሳህን።»

«ሳህኑ ይኸውልሽ። የለሰለሰው ቃል በእኔ አፍ ትንሽ ይከብዳል፤ ታገሺኝ።»

እዚህ ላይ ክፋት ገባብኝ። አሥራ አምስት ዓመት ዝም ያለ ሰው አንድ እሑድ ቢያጫውት ምን አለበት?

«ገና አልወሰንኩም» አልኩ ፓዩን እየቆረስኩ። «አቶ ስቶደርም እኮ ደህና ሰው ናቸው።»

«ደህና!»

«ልምድ አላቸው። ደግሞስ እንጨት ተወዷል።»

እሜቴ ጓንታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

«የመጣሽ ቀን የአባትሽን ኮት ለብሰሽ ነበር» አሉ። «እጅጌው መሬት ይጎትታል። በሦስተኛው ወር ስምሽን ጻፍሽ። ያን ቀን ቤት አልሄድም ብለሽ የጻፍሽበትን ሰሌዳ አቅፈሽ ተቀመጥሽ፤ ቤት ስደርስ ይጠፋብኛል ብለሽ። እኔም አብሬሽ ተቀመጥኩ። አሁን እዚያ ኮረብታ ላይ አርባ ሦስት ኬዛያዎች አሉ። አሥራ ሰባት እናቶች ሊያድኗቸው መጡ፤ በሩን በቁንጫ ፊደል የዘጋሁባቸው ግን እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም።» ጓንታቸው ላይ እንባ ጠብ አለ።

ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ባላቸው አቶ ቶርንዳይክ የተቀበሩ ዕለት እንኳ። ቀልዴን ተውኩ።

«እሜቴ፣ እኔ ስቶደር አፉን ከከፈተበት ቀን ጀምሮ ወስኛለሁ።»

ቀና አሉ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አስለፈለፍሽኝ?»

«ፓዩን ጨርሼ ልነግርዎት ነበር።»

«ይህ ፓይ የሚያልቅ ነው?» አሉና እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ክፉ ፓይ ቀምሼ አላውቅም፤ ሁለት ቁራጭ በላሁ። ሲወጡ ደጅ ላይ ቆም ብለው፣ «ነገ ከስብሰባው በኋላ ሥራ አለብን» አሉ። «ደጃፍ ብዬ ነው የጻፍኩት። ስለ ጓሮ በር ያልኩት ነገር የለም።»

ሰኞ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። እሜቴ ክንዴን ይዘው እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ አደረሱኝ። እዚያ ለቀቁኝና ከፈረስ ማሰሪያው ግንድ አጠገብ ቆሙ።

«አይገቡም?»

«ቃሌን በጋዜጣ አውጥቻለሁ። አንቺ ሂጂ።»

አቶ ስቶደር በሩ ላይ ሰው እየጨበጡ ነበር። እኔን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ኬዛያ! እሜቴ ያውቃሉ?»

«እዚያ ጭቃው ውስጥ ቆመዋል» አልኩ። «ይጠይቋቸዋ።»

ወረቀቴን አጥፌ ሣጥኑ ውስጥ ጣልኩ። አራቱ የማኅበሩ ሴቶችም ጣሉ። ሲቆጠር ዶክተር ራንሌት አንድ መቶ ሠላሳ አንድ፣ አቶ ስቶደር አንድ መቶ ሃያ ስምንት ሆኑ። ከአዳራሹ ጓሮ የኖራ ሙልኬሂ እልልታ የሚመስል ጩኸት ሲሰማ ሰብሳቢው መዶሻቸውን ለመምታት እንኳ ረሱ።

ስወጣ እሜቴ እዚያው ግንዱ አጠገብ ናቸው፤ የቀሚሳቸው ጠርዝ በጭቃ ጠቁሯል። ውጤቱን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡና ክንዴን ያዙ። መንገድ ከጀመርን በኋላ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«እንዴት ነው?» አሉ።

«ምኑ እሜቴ?»

«እንዲያው... ስትጥይው።»

ምን ልበላቸው? ዋሽቼ ምንም አይደለም ልል አሰብኩ። ግን እኚህ ሰው ናቸው ማንበብ ያስተማሩኝ። «ስሜን የጻፍኩ ቀን ይመስላል» አልኳቸው። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ማተሚያ ቤቱ ስንደርስ እሳቸው በደጃፉ፣ እኔ በጓሮ ዞሬ ገባሁ።

እሜቴ ሐሳባቸውን ለወጡ ብል ውሸት ነው። በዚያው ሐሙስ ምርጫ ሴትን እንደሚያሻክራት ጻፉ፣ ደረደርኩትም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የጸሐፊው ማስታወቂያ ሲመጣም የሳምንቱ ጽሑፋቸው ያው ነበር፤ እንዲያውም ረዘም ያለ።

«ቁንጫውን ላውጣ?» አልኳቸው።

«የእሳቱን አውጪ።»

የእሳቱ ፊደል የሚባለው ከእንጨት የተቀረጸ ነው፤ አንዱ ብቻውን መዳፌን ይሞላል። የሚወጣው ከተማ ሲቃጠል ነው፤ ከዚያ ውጪ የወጣው ባለፈው ዓመት ፕሬዚዳንቱ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው።

«የትኛው ገጽ ላይ?»

«ፊተኛው። ከእኔ ጽሑፍ በላይ።»

«እርስዎስ ይመዘገባሉ?»

«እኔ ቃሌን አላጥፍም» አሉ፣ ተቆጥተው። «አሁን ሥራሽን ሥሪ።»

የመጀመሪያው ወረቀት ከማተሚያው እንደወጣ ቀለሙ ሳይደርቅ መስኮቱ ላይ አስለጠፉኝ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጋሪ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ መንገዱን ተሻገሩና ከማዶ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ቆመው አዩት።

«ኬዛያ!» ብለው ጮኹ። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ወጡ። «ከዚህ ይነበባል!»

መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር።